የጠፉት ስድስት ገጾች

ሰዎች የፍቅራቸውን መጀመሪያ ሲያወሩ ይዋሻሉ። አንዱ ዝናብ ይጨምርበታል፣ ሌላው ሙዚቃ ያስገባበታል። እኔ የምጨምረው የለኝም። እሱን ያገኘሁት የሞተ ኮምፒውተር በብብቴ ይዤ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየረገምኩ ደረጃ ስወርድ ነው።

ደረጃው ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ምድር ቤት ያደርሳል። አረንጓዴ በር ላይ «ጽሕፈት፣ የመጽሐፍ ገጽ ዝግጅት፣ የኮምፒውተር ጥገና» ይላል። ውስጡ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚያቃስት ማተሚያ፣ እስከ ጣሪያ የተከመረ ወረቀት። በአንዱ ጠረጴዛ ታላቅ እህቱ ትተይባለች፤ በሌላው እሱ ይሠራል። ደራሲዎች «ወጌሻው» ይሉታል። የተሰበረ ረቂቅ እሱ እጅ ሳይገባ አይቃናም ይባላል።

እኔን ደግሞ ጋዜጣው ቤት «ክብሪት» ይሉኛል። ሰኞ ሰኞ ዓምድ እጽፋለሁ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ሰው ይቀየመኛል። በዚያን ጊዜ ግን የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነበር። ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ሁለት ዓመቱም በብብቴ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር።

«አይበራም» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት። ሻይ ፈሰሰበት። እኔ አይደለሁም ያፈሰስኩት፤ ጠረጴዛው ነው የተንጋደደው።»

«እሺ፣ ጠረጴዛውን እንከሳለን» አለ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። «ሌላ ቅጂ አለዎት?»

«የምን ቅጂ?»

እህቱ መተየቧን አቆመች። እሱ ቀና ብሎ አየኝ። ሐኪም «ቤተሰብ አብሮዎት መጥቷል?» ብሎ ሲጠይቅ እንደሚያየው ነው ያየኝ።

«ሁለት ዓመት ጽፈው አንድ ቅጂ የለዎትም?»

«አትቆጣኝ፤ ለመቆጣቱ እኔው እበቃለሁ። ደግሞ አንቱ አትበለኝ፣ ገና ሠላሳ አራቴ ነው።»

«እሺ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ቀጭን መፍቻ አነሳ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ ሰሃን ላይ በተራ ደረደራቸው። ውስጡን አደረቀ፣ ዲስኩን አወጣ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ቃል አልተናገረም። የእኔ ሙያ በተናጋሪ የተሞላ ነው፤ ሲሠራ ዝም የሚል ወንድ ካየሁ ቆይቻለሁ። እኔም ዝም አልኩ። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ታመምሽ ወይ ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የፋይሎቼ ስም ተዘረዘረ። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«‹የመጨረሻው›። ‹የእውነት የመጨረሻው›። ‹ከዚህ በኋላ የለም›።» ትንሽ ቆመ። «‹ከዚህ በኋላ የለም ሁለት›።»

እህቱ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። እኔ ግን ከመሳቅም ከመናደድም በፊት አለቀስኩ፤ መጽሐፌ ተርፏላ። እሱ መሐረብ አላቀበለኝም፣ አይዞሽም አላለኝም። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አልቅሼ እስክጨርስ የማያስፈልግ ገመድ ሲጠቀልል ቆየ። ከዚያ ዞር አለ።

«ስም አታውጪላቸው፣ ቀን ጻፊባቸው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ያኔ የትኛው ታላቅ፣ የትኛው ታናሽ እንደሆነ ራሳቸው ይናገራሉ። ሦስት ቦታ ደግሞ አስቀምጪ፤ አንዱን ኮምፒውተርሽ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜይልሽ ውስጥ። ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቦርሳ አትክተቺው። ሌባ አንዱን ትቶ አንዱን አይወስድም።»

«ደራሲ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን አስተማረህ?»

«የደራሲዎች ለቅሶ።»

ምክር ሻጮችን እጠላለሁ። አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈው የማያውቁ ሰዎች አዳራሽ ተከራይተው፣ ማይክሮፎን ጨብጠው፣ ልብ ወለድ በአሥር ቀላል መንገድ ሲያስተምሩ እያየሁ ስንት ዓምድ በንዴት አቃጥያለሁ! አሥር መንገድ ቢኖር ኖሮ ሁላችንም በአንዱ አልፈን እንደርስ ነበር። ይህ ሰው ግን የሚነግረኝ ዐይኑ ያየውን፣ እጁ የነካውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያ ደረጃ መውረድ ለመድኩ። ሰበብ አላጣም። አንድ ቀን ፍላሹ አልከፈት ይላል፤ አንድ ቀን የገጽ ቁጥሩ ይዘበራረቃል። አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሰበብ ስላልነበረኝ ደህናውን ማውዝ ይዤ ሄድኩ።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«እ… ይሸሻል።»

ማውዙን ነካካው፤ ምንም አልሆነም። «አዎ፣ ይሸሻል» አለ በጣም ረጋ ብሎ። «ሻይ ልዘዝልሽ?»

«ሻይ ከኮምፒውተር ይራቅ!» አለች እህቱ ቀና ሳትል።

የምቆርጠውን ጽሑፍ እንዳላጠፋው፣ «ተቀናሽ» ብዬ በሰየምኩት ፋይል እንዳስቀምጠው ያስተማረኝ እሱ ነው። «ዛሬ የጠላሽውን ነገ ትፈልጊዋለሽ፤ ሰውም እንደዚያው ነው» አለ። ስጽፍ ኢንተርኔቱን እንድነቅል፣ መንገድ ላይ ሐሳብ ሲመጣልኝ ስልኬ ላይ በድምፅ እንድቀዳው መከረኝ። ይህን የመጨረሻውን ሞክሬ አውቶቡስ ውስጥ «ትገድለዋለች ወይስ ትተወዋለች?» እያልኩ ስቀዳ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ወንበር ቀየሩ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደረገበትን ቀን ነው። «ዐይንሽ ይሸነግልሻል» አለኝ። «ጆሮ አይሸነግልም። አዳምጪው።» አንድ ቁልፍ ነካ። ጉንፋን እንደያዘው ጸሐፊ ያለ፣ አንዳች ስሜት የሌለው ድምፅ የፍቅር ምዕራፌን ማንበብ ጀመረ። «ልቧ። በደረቷ። ውስጥ። እንደ ወፍ። ተርገበገበ።»

እኔ በእጄ ፊቴን ሸፈንኩ። እሱ ሳቅ አፈነው፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ኋላ በሙሉ ትከሻው። እኔም ተከተልኩት። ሳቃችን ሲያልቅ ክፍሉ ጭር አለ። እህቱ ወረቀት ልትገዛ ወጥታ ነበር።

«ልቧን ተዪው» አለ። «ልብ አይታይም። እጇ ምን አደረገ?»

እጄን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ፣ ከእሱ እጅ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። እሱም አየው። ሁለታችንም አላነሳንም፤ ሁለታችንም አላስጠጋንም። ማተሚያው ብቻውን አንድ ባዶ ወረቀት አወጣና ዝም አለ።

ቤቴ ገብቼ ያን ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩት። ወፉን ለቀቅኩት። እጆቹን አስገባሁ።

መጽሐፉ ሲያልቅ ለማተሚያ ቤት ገጹን እንዲያዘጋጅልኝ ለእሱ ሰጠሁት። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አንብቦት ነበር። ሲመልስልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። ምዕራፍ ዐሥራ ሁለት ላይ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ አባት፣ ልጁ ደብቃ የጻፈችውን ደብተር ጎረቤት ፊት እየቀደደ የሚያዋርድበት ትዕይንት አለ። ስድስት ገጽ ነው።

«ይህ አባት» አለኝ በቀስታ፣ «አንድም ቀን ደግ ነገር አላደረገም?»

ደሜ ፈላ። «አንተ ገጽህን አዘጋጅ። አባቴን ለእኔ ተወው!»

አባቴን ማለቴን የሰማሁት ከተናገርኩት በኋላ ነው። እሱም ሰምቷል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተዘጋጀውን ልመለከት ሄድኩ። ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ሁለት ገጣሚዎችና ከዘራ የያዙ አንድ አንጋፋ ደራሲ ተራ እየጠበቁ ነው። ገጾቹን ገለጥኩ። ምዕራፍ ዐሥራ ሁለት ጋ ስደርስ አባትየው ደብተር አይቀድም። ጎረቤት የለም። ውርደት የለም። ስድስቱ ገጾች የሉም።

ቁጣ ከትዝታ ይፈጥናል፤ ቢያንስ በእኔ ቤት።

«ቆረጥከው!» ብዬ ጮኽኩ።

«የላክሽልኝን ነው ያዘጋ…»

«አልወደድከውምና ቆረጥከው! ማነህ አንተ? ማን ሾመህ? እንዲህ እያደረግህ የስንቱን ሰው መጽሐፍ ቆራርጠሃል?»

ገጣሚዎቹ ወደ ፍላሾቻቸው ተመለከቱ። እሱ ከወንበሩ ተነሣ። ዐይኑ ላይ የነበረውን ንዴት ብዬ ነበር የተረጎምኩት። እህቱ «አንቺ ሴትዮ!» ስትል በሩን አላግቼ ወጣሁ።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ምን ነበረበት? እኔ ግን ዓምድ ነበረኝ። ሰኞ «የማይታዩ መቀሶች» በሚል ርዕስ ጻፍኩ። ከመጽሐፌ ስለጠፉት ስድስት የአባት ገጾች፣ የደራሲን ቃል በምስጢር ስለሚገርዙ እጆች፣ በአደራ የተሰጣቸውን ስለሚበሉ ሰዎች። ስም አልጠራሁም፤ «ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አረንጓዴ በር» ብቻ አልኩ። ከመታወቂያ ቁጥር የባሰ አድራሻ ነው። የጻፍኩት ጥሩ ነበር፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ ጥሩው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አንባቢዎች አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባውን የሚያህል ዝምታ ግን ከዚያ ምድር ቤት መጣ። መልስ አልጻፈም፣ አልደወለም። ሐሙስ መጣ፤ የምሄድበት አልነበረኝም።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ደወሉልኝ። አባቴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ዓምዴን የሚያነቡት እንደ ፈተና ወረቀት ነው።

«ስለ መቀሱ የጻፍሽውን አሁን ገና አነበብኩት። ጎረቤት ወስዶብኝ ነበር» አሉ። «አንድ ነገር አልገባኝም።»

«ምኑ አባባ?»

«ታምሜ ልትጠይቂኝ የመጣሽ ቀን፣ እዚያ መጽሐፍሽ ውስጥ እኔ አለሁበት ወይ ብዬሽ ነበር። ‹ነበሩበት፣ አወጣዎታለሁ› አላልሽኝም?»

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ብዬ ነበር። ማለት ብቻም ሳይሆን አድርጌው ነበር። ያን ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ የከሳ ክንዳቸውን አይቼ፣ የወጌሻውም ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ስላለ፣ ቤቴ ገብቼ ስድስቱን ገጾች ቆርጬ በአዲስ ስም አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። ጸሐፊ አባቷን ትፈራለች? አሮጌውን ፋይል ከፍቼ፣ ያልተቆረጠውን ማለቴ ነው፣ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ የተቆረጠውን ከነመኖሩ ረሳሁት። ቀን ጽፌበት ቢሆን ኖሮ… አልጻፍኩበትም። ስምም ያወጣሁለት እኔው ነኝ፤ «አበቃ» ነበር ያልኩት።

«ልጄ፣ አለሽ?» አሉ አባቴ።

«አለሁ። አባባ፣ ገጾቹ ይመለሱ ቢባል ይቀየሙኛል?»

«ያደረግኩትን ጻፊ። ደብተሩን ቀድጄዋለሁ። ሰው ያላደረገውን ግን አደረገ አትበይ።»

ስልኩን ዘግቼ የድሮ መልእክቶቼን ፈለግኩ። ሁለቱንም ፋይል አንድ ላይ ልኬለት ኖሯል። ከእሱ፦ «ሁለት ፋይል ደርሶኛል። የትኛውን ላዘጋጅ?» ከእኔ፦ «ሁለተኛውን። ስብሰባ ላይ ነኝ።» ፋይሎቹን ሳልከፍት፣ ስሙን እንኳ ሳላይ።

ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጡ ባዶ። ተራ የሚጠብቅ ሰው የለም። ማተሚያው ጨርቅ ለብሷል። እህቱ ወንበሮቹን ትወለውላለች።

«ኧረ እመቤቴ!» አለች። «ምን ቀረሽ? በሩን ልትወስጂ መጣሽ?»

«እሱ አለ?»

«የት ይሄዳል? ሥራ ያለው ሰው ነው የሚሄድ። ባለ ከዘራው ሽማግሌ እንኳ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራንላቸው፣ ይቅርታ እየጠየቁ ረቂቃቸውን ወሰዱ። ‹አልጠረጠርኳችሁም፤ ግን…› አሉ። ያቺ ‹ግን› የአንቺ ናት። ውሰጃት።»

እሱ ከጓዳው ወጣ። ከስቷል። ስልኬን አውጥቼ መልእክቱን አሳየሁት፣ እሱ ራሱ የጻፈውን ያላነበበ ይመስል።

«አውቀዋለሁ» አለ።

«ለምን ታዲያ አላሳየኸኝም? ለምን ለጋዜጣው አልላክኸውም? አንድ ቀን አይፈጅም ነበር፣ ታዋርደኝ ነበር!»

«ላዋርድሽ አልፈለግኩም።» ጠረጴዛው ላይ የተኛ አቧራ በጣቱ ጠረገ። «ጽሑፎችሽን ሁሉ አነባለሁ። አንድ ባለሥልጣን ለመክሰስ ሦስት ምስክር ትፈልጊያለሽ፤ ሰነድ ትፈልጊያለሽ፤ ደውለሽ ‹መልስዎ ምንድን ነው?› ትያለሽ። ለእኔ አንዲት ጥያቄ አልተረፈሽም።»

ስልኬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

«አርመዋለሁ» አልኩ።

«እንዳሻሽ» አለና ወደ ጓዳው ተመለሰ።

ዋና አዘጋጁ ጽሑፌን ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

«ክብሪት፣ ታመሻል እንዴ? ማረሚያ ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃል። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ ሥር እናስገባዋለን።»

«የከሰስኩት እዚያ ነው እንዴ?»

«አይ፣ ግን…»

«‹ግን›ን ተዋት፣ እሷን ለአንድ ሰው መመለስ አለብኝ። በዓምዴ፣ በፎቶዬ ሥር፣ በዚያው ርዝመት ይውጣ።»

«ጠላቶችሽ ለዐሥር ዓመት ይስቁብሻል። ነገ አንድ ሌባ ስትነኪ ‹ያኔም ተሳስታ ነበር› ይላል።»

«እውነቱን ነዋ። ተሳስቻለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ማረሚያው ሰኞ ወጣ። በሩ የሚገኝበትን ቦታ እንደገና ጻፍኩ፤ የትኛው ፋይል እንዴት እንደተቆረጠ፣ ማን እንደቆረጠው፣ ምን ተብዬ ተጠይቄ ምን እንደመለስኩ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ጌጥ አላበዛሁበትም። ማክሰኞ የመጣው ስድብ ቀኑን ሙሉ አስነበበኝ። አንዱ «ክብሪቷ ረጠበች» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ጥሩ ነው፣ እኔም ብሆን አልተወውም ነበር።

ሐሙስ ደረጃውን ወረድኩ።

ቤቱ እንደ ድሮው አልሞላም። ግን ሁለቱ ገጣሚዎች ፍላሻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ማተሚያው ጨርቁን ጥሏል። እህቱ ጋዜጣውን እንደያዘች አየችኝና፣ ሰላምታ ሳትሰጥ፣ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር።

«‹ሳልጠይቅ ፈረድኩ።› ይህቺ ደህና ናት። ‹በዚህ ቤት የገባ ቃል ሳይጎድል ይወጣል።› ይህቺን ፍሬም አድርጌ ግድግዳ ላይ እሰቅላታለሁ። ‹አዋቂ እጅ› ያልሽው ግን ማንን ነው? እሱን ብቻ ነው? የምተይበው እኔ አይደለሁ?»

«እህቴ» አለ እሱ።

«ዝም ልል ነው። አንብቤ ልጨርስ እንጂ።»

እሱ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም፤ ግን መንገዱንም አልለቀቀልኝም፤ መካከል ላይ ቆመ።

«አነበብኩት» አለ። «ጥሩ ነው። ባለ ከዘራው ሽማግሌም ትናንት ተመልሰው መጥተዋል።»

«ደስ ይላል።»

«እሱ ለደንበኞቼ ነው።» ዐይኑን ዐይኔ ላይ አሳረፈ። «ለእኔስ?»

በጋዜጣ የማልለው የለም። እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን፣ ሁለት ገጣሚና አንዲት ተቆጪ እህት እያዩኝ፣ የምጽፍበት የለም፤ የማጠፋበት የለም። እሱ አላቻኮለኝም። ብሎን በተራ እንደሚደረድር ሰው ቆሞ ጠበቀኝ።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆነ። «ይቅር በለኝ።»

«ምን አለች? አልሰማሁም!» አለች እህቱ።

«ለአንቺ አይደለም» አላት፣ ዐይኑን ከእኔ ሳያነሣ። «ይቅር ብያለሁ። ሌላስ?»

«ሌላ?»

«ሌላ ነገር ልትይ የመጣሽ ይመስላል።»

«እወድሃለሁ» አልኩት። «ይህ ግን አይታተምም።»

አንደኛው ገጣሚ ፍላሹን ጣለው። ሁለተኛው ሊያነሣለት ጎንበስ ብሎ እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። እህቱ ጋዜጣውን አጠፈችና በጣም በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እሱ ወደ በሩ ሄደ፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደንበኛ ሲጠብቅ የቆየ ሰው፣ ሁለት ደንበኛ ቆሞለት እያለ፣ «ተዘግቷል» የሚለውን ሰሌዳ ወደ ውጭ አዞረ። ከዚያ ኮቱን ከመስቀያው አወረደና እጁን ዘረጋልኝ።

«እናንተ ለነገ ኑ» አላቸው ገጣሚዎቹን። «ዛሬ ሥራ አለብኝ።»